«መጽሐፉን ሰብስቢ» ለተባለችው እህታችን

ከአዳማ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እንዳትለይ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይረናል፤ ርዝመቱንም ቀንሰናል።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት። በ2002 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ማታ ማታ ቤቱ ያስጠናን የነበረ መምህር ደፍሮኛል። አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ኖርኩ። ዘንድሮ ታሪኬን ጽፌ በራሴ ወጪ ትንሽ መጽሐፍ አሳተምኩ። ስሙን አልጠቀስኩም፤ ‹መምህሩ› ብቻ ነው ያልኩት። የትምህርት ቤቱንም የሰፈሩንም ስም አላነሣሁም።

መጽሐፉ ከወጣ ወር ሳይሞላው ስልክ ተጀመረ። በማላውቀው ቁጥር ይደወላል፤ ሳነሣው ዝም። ቴሌግራም ላይ ‹ማን ከፍሎሽ ነው?› ይሉኛል። ፖስታ ቤት አካባቢ መጽሐፌን የሚሸጥልኝ አዟሪ ጋ አንድ ሰው ሄዶ የቀረውን በሙሉ ገዛና ‹ሁለተኛ ይህን ይዘህ እንዳላይህ› ብሎታል። የድሮ ተማሪዎቹ ‹እንደ አባት ያሳደገንን ሰው ስም አጠፋሽ› እያሉ ይጽፉልኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ልጅሽ ዩኒፎርሟ ያምርባታል› የሚል ጽሑፍ መጣልኝ። ሌላ ምንም የለውም።

አሁን ሦስት ሽማግሌዎች እናቴ ቤት መጥተው ለእሑድ ቀጥረውኛል። መጽሐፉን ሰብስቤ ‹የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው› ብዬ ፈርሜ እንድሰጥ፣ እሱ ደግሞ በስም ማጥፋት እንዳይከሰኝ ሊለምኑልኝ ነው። እናቴ ‹እድር ላይ ቀና ብዬ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሳልሞት ይህን ነገር ዝጊልኝ› እያለች ታለቅሳለች። ባለቤቴ ከጎኔ ነው፤ ግን እሱም ፈርቷል። በዚህ መሀል አንዲት ሴት ‹እኔም ተማሪው ነበርኩ፤ የደረሰብሽ ደርሶብኛል። ሌላ የምትጽፊው ካለ ላንብበውና ላግዝሽ› ብላ ጻፈችልኝ። ላምናት ፈለግሁ፤ ፈራሁም። ምን ላድርግ? ልሰብስበው?»

እህቴ፣ አትሰብስቢው። እሑድም ሽማግሌ ፊት አትቅረቢ። የሁለቱንም ምክንያት እነግርሻለሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ቀጥ ያደረገኝ ሌላ መስመር ስለሆነ ከሱ ልነሣ።

«ልጅሽ ዩኒፎርሟ ያምርባታል።»

ይህችን ብቻ በስልክሽ ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄጂ ተረኛው መርማሪ «ታዲያ ምን ክፋት አለው?» ሊልሽ ይችላል። የላከውም ሰው የተማመነው በዚሁ ነው። ስድብ የለበትም፣ «እንዲህ አደርግሻለሁ» አይልም። አንቺ ግን ገብቶሻል። ልጅሽን በዓይኑ አይቷታል፤ የት እንደምትማር ያውቃል፤ ማወቁንም እንድታውቂለት ፈልጓል። ማስፈራራት የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ ብቻውን ሲነበብ ንጹሕ፣ ከፊቱ ከመጡት ጋር ሲነበብ ዛቻ። ስለዚህ ካሁን በኋላ ሥራሽ የደረሰሽ ነገር ሁሉ ብቻውን እንዳይነበብ ማድረግ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ያዢና ከመጀመሪያው ስልክ ጀምረሽ የምታስታውሺውን ሁሉ በቀኑ መዝግቢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ አጠገብሽ የነበረው ሰው። ዝም ተብሎ የተዘጋው ስልክም ይመዝገብ፤ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ፣ ተደወለ፣ አልተናገረም፣ ባለቤቴ ሰምቷል» ብለሽ። አዟሪው ልጅ የነገረሽን በራሱ አፍ እንደገና አስነግሪውና የሰውየውን መልክ፣ የመጣበትን ቀን፣ ያለውን ቃል ጻፊ። ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ መቼ እንደመጡ፣ ምን እንዳሉ ከእናትሽ ጠይቀሽ አስፍሪ። ይህ ሁሉ ተራ በተራ ተደርድሮ፣ አዟሪው ከተባረረ በኋላ፣ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት «ዩኒፎርሟ ያምርባታል» የሚለው ሲመጣ፣ አድናቆት ነው የሚል መርማሪ አይኖርም።

ቴሌግራም ላይ የጻፈልሽ ሰው ጽሑፉን ከራሱም ካንቺም ስልክ ባሰኘው ሰዓት ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር እንደደረሰሽ፣ ከመናደድሽና ከማልቀስሽ በፊት፣ ስክሪንሹት አንሺ። የላኪው ስም፣ ዩዘርኔሙ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ ባለቤትሽ በራሱ ስልክ ያንቺን ስክሪን ፎቶ ያንሣው፤ ቅጂው ከቤታችሁ ውጭ አንድ የምታምኚው ሰው ጋ ይቀመጥ። መልስ አትስጪ፤ አንዲት ቃልም። ባትመልሺም ሳታስቀሪው ብሎክ አታድርጊ፤ ድምፁን ዝጊው። ስልክ ሲደወል ደግሞ ስፒከር ላይ አድርጊና ሌላ ሰው ይስማ። «የማላውቀው ቁጥር» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ሲም ካርድ በመታወቂያ የሚወጣ ነገር ነው፤ መርማሪ በሕግ አግባብ ከጠየቀ ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ ይታወቃል።

ነገ ጠዋት የልጅሽ ትምህርት ቤት ሂጂ። ለርዕሰ መምህሩ ሁሉንም መናገር የለብሽም፤ «ቤተሰባችን ዛቻ ደርሶበታል» ካልሽ በቂ ነው። ልጅቷን መውሰድ የሚችሉት እነማን እንደሆኑ በጽሑፍ አስገቢ፤ «እናቷ ልካኝ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ እንዳይሰጡ፣ ለአንቺ እንዲደውሉ። ለበሩ ጥበቃም ንገሪው፤ ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ የሚገባና የሚወጣውን የሚያይ እሱ ነው። በኮንትራት ባጃጅ የምትመላለስ ከሆነ ሹፌሩም ይወቅ። ለልጅሽ የምትነግሪያት ግን ከማንም ጋር እንዳትሄድ የሚለውን፣ ድሮም የምትነግሪያትን፣ ብቻ ይሁን። መሥሪያ ቤትሽም ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት ካንቺ ይስማ፤ ቤት ያልበገራትን ሴት ቀጥለው የሚሞክሩት በእንጀራዋ ነው።

ባለቤትሽ ፈርቷል ብለሻል። ይፍራ፤ ልጁም ናት። ሥራ ግን ስጪው፤ ስክሪንሹቱን እሱ ይያዝ፣ ትምህርት ቤት እሱ ያድርሳት። ሥራ ያልተሰጠው ፍርሃት ማታ ማታ «ብትተዪውስ?» ወደማለት ይሄዳል።

ቀጥሎ ደብተሩን ይዘሽ ከፖሊስ በፊት ወደ ጠበቃ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አዳማ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው፤ ለሴቶች የሕግ ምክር በነጻ ይሰጣል። እዚያ ያሉት ሰዎች መናገር ምን እንደሚያስከፍል ከሌላ ሰምተው አይደለም የሚያውቁት፤ ማኅበራቸው በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጥቃት የደረሰባት ሴት በአግባቡ ጥበቃ አላገኘችም ብሎ በይፋ ከተናገረ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ለአጭር ጊዜ ታግዶ ነበር። ነገሩ እየከፋ ከቤት መውጣት ግድ ቢሆን ደግሞ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዳማ ላይ መጠለያ አለው። ያስፈልግሻል እያልኩ አይደለም፤ መኖሩን እወቂ ለማለት ነው።

ጠበቃዋ የምትነግርሽን ከወዲሁ ላሳጥረው። ሰውን በከባድ አደጋ ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ያስቀጣል፤ አንድን ሰው በዛቻ የማይፈልገውን እንዲያደርግ ማስገደድም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በስልክና በኢንተርኔት የተላከውን ዛቻ፣ በተደጋጋሚ መልእክት ሰውን ማስጨነቅንም ጨምሮ፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ይይዘዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን የጎዳ አንድ ነገር አለ። በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ወንጀሎች፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ ክስ የማይመሠረትባቸው፣ አቤቱታቸው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ትንሽ ልታገሥ፣ ይበርድ ይሆናል» ያለች ሴት ሳይበርድላት ጊዜው ያልፍባታል። የመጀመሪያው ስልክ ከተደወለልሽ ስንት ጊዜ እንደሆነ ዛሬ ቁጠሪ።

ስለ 2002ቱ ነገር «ልክሰስ ወይ» አላልሽም፤ እኔም ክሰሺ ብዬ አልገፋሽም። የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ሆኖም «ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ምን ዋጋ አለው» የሚሉሽን አትስሚ። ከ18 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት ከባድ ወንጀል ነው፤ አድራጊው አስተማሪዋ ሲሆን ሕጉ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። ከ10 ዓመት በላይ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 20 ዓመት ነው። ያንቺ ገና 16 ዓመቱ ነው። ጠበቃዋ አንቀጹን ለይታ ቀኑን ታስላልሽ፤ ከዚያ የምትወስኚውን አውቀሽ ትወስኛለሽ። እንዲህ ላሉ ከባድ ወንጀሎች ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የሚያገኙበት አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ፤ ስለሱም ጠይቂያት።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ።

ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። በወሰን የተካሰሰ፣ በውርስ የተቋሰለ፣ ከትዳሩ የኮበለለ ስንቱ በሽማግሌ ቤቱ ገብቷል። እናንተ ባላችሁበት በኦሮሞ ምድር የጉማ ሥርዓት ደም የተፋሰሱ ቤተሰቦችን ሳይቀር ያስታርቃል። ግን ጉማ ከምን እንደሚጀምር አስቢ። ገዳዩ መግደሉን ሲያምን ነው የሚጀምረው። ያመነ ሰው ነው ሽማግሌ የሚልከው፤ ያመነ ሰው ነው ካሣ የሚከፍለው። ያንቺዎቹ ይዘው የመጡት ግልባጩን ነው፤ የተበደለችው «ውሸቴን ነው» ብላ ትፈርማለች፣ በዳይ የተባለው ደግሞ «ምሬሻለሁ» ይላል። ይህን እርቅ ብለው ሲጠሩት ሽምግልናን ራሱን ይበድሉታል።

ወረቀቱን በተመለከተ ልመናዬ ነው፤ እናትሽ እግርሽ ላይ ብትወድቅ እንኳ እንዳትፈርሚ። «ልብ ወለድ ነው» የሚል ፊርማሽ ያለበት ወረቀት ነገሩን አይዘጋውም። ነገ ፍርድ ቤት ብትሄጂ የመጀመሪያው ማስረጃው እሱ ይሆናል፤ ሌላ ሴት ብትነሣም «የፊተኛዋም ውሸቷን እንደሆነ በፊርማዋ አምናለች» ይባልባታል። የልጅሽን ዩኒፎርም ያየው ሰውም ባንድ ጽሑፍ ይህን ያህል እንዳገኘ ያውቃል።

አለመሄድ ግን ንቀት መምሰል የለበትም። ሽማግሌዎቹ የተነገራቸውን ብቻ አምነው የመጡ ደጋግ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የሚከበር ሰው፣ አጎትም ይሁን የባለቤትሽ ታላቅ ወንድም፣ ከእሑድ በፊት ሄዶ ይህን ያድርስልሽ፦ «አባቶቼ፣ ስለደከማችሁ አመሰግናለሁ። በመጽሐፌ ውስጥ የማንም ስም የለም። ‹መምህሩ እኔ ነኝ› ብሎ የላካችሁ ሰው ካለ፣ አምኖ ነው ወይስ ክዶ? ለዚህ መልስ ሳይኖር የምቀመጥበት ሽምግልና የለኝም። ለሌላው ነገር ጠበቃዬን አነጋግሩ።» ከዚህ በላይ አይጨመር፤ ክርክር ውስጥም አይገባ። አንቺ ስም አልጠራሽም። ራሱን ለይቶ ሽማግሌ የላከው እሱ ነው። እሑድ ፊቱ ተቀምጠሽ ብትከራከሪ ያልጠራሽውን ስም በራስሽ አፍ ጠራሽ ማለት ነው።

ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ያልፈረደውን እንደሚፈርድ አውቃለሁ። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው አሰላ አካባቢ፣ አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች ጊዜ፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የነበሩት መዓዛ አሸናፊ ጠበቃዋ ሆነው ራሷን መከላከሏ ታምኖ ነጻ ወጣች። ፍርድ ቤት ነጻ ያላት ልጅ ግን ወደ ቀዬዋ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ስለዚህ «አይዞሽ፣ እውነት ካንቺ ጋር ናት፣ ምንም አይመጣም» አልልሽም። ይመጣል። ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ልቅሶ ቤት ሹክሹክታ ይኖራል። ቢሆንም ብትፈርሚም ይኸው ይቀጥላል፤ የሚለየው «ውሸታም» የሚለው ስም በፊርማሽ የጸና መሆኑ ነው።

እናትሽን በተመለከተ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ያላገኘሁት ነገር አለ። የዚያን ጊዜውን ነገር ካንቺ አፍ ሰምታው ታውቃለች? ወይስ መጀመሪያ የሰማችው ከሽማግሌዎቹ ነው? ከነሱ ከሆነ የሰማችው በእነሱ አነጋገር ነው፤ «ልጅሽ የሰው ስም አጠፋች» ተብሎ። «ዝጊልኝ» የምትለው ያንን ነው። ሌላም ነገር ይኖራል ብዬ እጠረጥራለሁ። ወር በመጣ ቁጥር የጥናቱን ክፍያ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችሽ፣ ማታ «እንዳይመሽብሽ» ብላ የሸኘችሽ እሷ ትሆናለች። መጽሐፍሽ እውነት ከሆነ ልጇን በገዛ እጇ ወደዚያ ቤት ልካለች ማለት ነው። ይህን መሸከም ከእድሩ ሐሜት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሐሜቱን ይዛ ታለቅሳለች። ብቻችሁን ሁኑና ንገሪያት። መጽሐፉን አትስጫት፤ በቃልሽ ንገሪያት፤ «አንቺ አላወቅሽም ነበር፤ ያላወቅሽው እሱ እንዳታውቂ ስላደረገ ነው» በያት። ባንድ ቀን ላትቀበልሽ ትችላለች። የሰማች ቀን ብትጮህብሽም አትደንግጪ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢመጣ ግን ቢያንስ ምን እንደሚጠየቅባት ታውቃለች።

የድሮ ተማሪዎቹ የሚጽፉልሽ ብዙ እንደሚያቆስልሽ ይገባኛል። አብዛኞቹ እየዋሹ አይደለም፤ እነሱን በእውነት እንደ አባት አስተምሯቸው ይሆናል። ሰው ለሃምሳው ደግ ሆኖ አንዷን ሊያጠፋ ይችላል፤ እንዲያውም የሃምሳው ምስጋና ነው የአንዷን አፍ የሚዘጋው። ጄኒፈር ፍሬይድ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን አካሄድ በቅደም ተከተሉ ገልጸውታል፤ የተከሰሰው መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ ተናጋሪዋን ያጠቃል፣ በመጨረሻ ተበዳዩ እሱ ራሱ ይሆናል። «ማን ከፍሎሽ ነው» ሁለተኛው ነው፤ «እንዳይከሰሽ እንለምንልሽ» ሦስተኛው። በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለሽ ስታውቂ የሚጻፍልሽ ነገር ስላንቺ ማንነት የሚናገር መስሎ መታየቱ ይቀንሳል። ለተማሪዎቹም አትመልሺ።

ስለ ክሱ እውነቱን ልንገርሽ፤ ባዶ ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የተነገረው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ሰውን ለማዋረድ ታስቦ ከሆነ ስም ማጥፋት ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ስም ባይጠራም ሰውየው የሚለይ ከሆነ ክስ መሞከር ይቻላል። መከላከያም አለው፤ ግን መከላከያውን የምትሠራው ጠበቃ ስለሆነች መጽሐፉን መስመር በመስመር ታንብበው። ከጃፓን አንድ ነገር ልጥቀስልሽ። ጋዜጠኛዋ ሺዮሪ ኢቶ በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ታዋቂ ጋዜጠኛ ደፈረኝ ብላ በአደባባይ ተናገረች፤ መጽሐፍም ጻፈች። ስድቡና ዛቻው በዝቶባት አገሯን ትታ ለንደን ሄደች። በ2019 በፍትሐ ብሔር ክስ ረታችው፤ በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድሏን አጸናላት፤ ካሣው 3.3 ሚሊዮን የን ገደማ ነበር። እዚያው ውሳኔ ላይ ግን እሷም 550 ሺህ የን ለሱ እንድትከፍል ተፈረደባት። ለምን? የሚያደነዝዝ መድኃኒት ሳይሰጠኝ አልቀረም ብላ የጻፈችውን ማረጋገጥ ስላልቻለች። የደረሰባት ጸናላት፤ የጠረጠረችው አስከፈላት።

ስለዚህ መጽሐፍሽን ቀይ እስክሪብቶ ይዘሽ እንደገና አንብቢው። ያየሽው፣ የሰማሽው፣ በሰውነትሽ የደረሰው ይቆይ። «ሌሎችንም እንዲህ ያደርግ ነበር»፣ «ሚስቱ ታውቅ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አስምሪበትና ለጠበቃዋ አሳዪ። ሁለተኛ እትም ሲኖር ይታረማል። ማረም ሌላ ነው፣ መሰብሰብ ሌላ። ተናደሽ ደግሞ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ስሙን እንዳትጽፊ፤ ያ 958/2008 አዋጅ ስም ማጥፋትንም ስለሚይዝ አንቺ ላይ ሊመዘዝ ይችላል። እስካሁን ስሙን አለመጥራትሽ ትልቅ ጥንቃቄ ነበር፤ ጠብቂው።

አዟሪውን አመስግኚው፤ ሁለተኛ እንዲወስድ ግን አትጫኚው። እሱ መንገድ ላይ የሚቆም ልጅ ነው። መጽሐፉን በር ያለው መደብር ይያዘው፤ ወይም በእጅ በእጅ ይሂድ። የተረፈውን ቅጂና ዋናውን ፋይል ካንድ ቦታ በላይ አስቀምጪ።

«እኔም» ስላለችሽ ሴት መፍራትሽም ማመን መፈለግሽም ትክክል ነው። የሆሊውዱ ፊልም አዘጋጅ ሃርቪ ዋይንስታይን ከሳሾቹ መናገር በጀመሩ ሰዓት የግል ሰላዮች ቀጥሮ እንደነበር በ2017 እ.ኤ.አ. በጋዜጠኞች ተጋልጧል። ከሰላዮቹ አንዷ የሴቶች መብት ተሟጋች መስላ ስለሱ መጽሐፍ እየጻፈች የነበረች ተዋናይት ጋ ተጠግታ ወዳጅ ሆነቻት። ፍለጋዋ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ነበር። የአዳማው መምህር ሰላይ የመቅጠር አቅም የለውም ብለሽ አትናቂው፤ አንዲት የምታከብረው የድሮ ተማሪ ትበቃዋለች። እናም የሴትዮዋ ደብዳቤ «ደርሶብኛል» ብሎ ሳያበቃ «ያልወጣውን ጽሑፍሽን ላንብበው» ማለቱን ልብ በዪው። ያልታተመ ገጽ ለማንም አትስጪ፤ ለሷ ብቻ ሳይሆን ለማንም።

ግን እውነተኛ ብትሆንስ? 16 ዓመት ሙሉ አንቺ የፈራሽውን ፈርታ የኖረች፣ መጽሐፍሽን አንብባ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተች ሴት ልትሆን ትችላለች። በር አትዝጊባት። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ «ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። የደረሰብሽን ለኔ በዝርዝር አትንገሪኝ፤ እኔም ከመጽሐፉ ውጭ አልነግርሽም። ከፈለግሽ የምትሄጂበትን ጠበቃ እጠቁምሻለሁ፤ በራስሽ ጊዜ፣ ብቻሽን ሂጂ።» ይህ ጭካኔ አይደለም። ሁለታችሁ ተገናኝታችሁ ታሪካችሁን ብታወሩት ነገ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ «ተማክረው ነው የመጡት» ይባላል፤ ያንቺም የሷም ቃል ይረክሳል። ሳትነጋገሩ፣ በተለያየ ቀን፣ ለአንድ ጠበቃ አንድ ዓይነት ነገር ብትናገሩ ግን ያንን ለማፍረስ ከባድ ነው። እውነተኛዋ ሴት ይህ ሲነገራት ትረዳለች። የተላከችው ጽሑፉን ደግማ ትጠይቃለች፤ ያኔ እሷም ደብተሩ ላይ ትመዝገብ። እውነተኛ ሆና ከተገኘች ስሟን ለባለቤትሽም ቢሆን አትንገሪ፤ የምትናገርበትን ቀን የምትመርጠው እሷ ናት።

የስልኩን ቀን ዛሬ ቁጠሪ፤ ጠበቃዋ ዘንድ ከእሑድ በፊት ድረሺ። የነገረችሽን ጻፊልኝ፤ በሚቀጥለው ዓምድ ላይ እንዳይወጣ ከፈለግሽም እንዲሁ ብለሽ ጻፊ፤ መልሱን ላንቺ ብቻ እልካለሁ።